ሐኪሙ ወረቀት ላይ የጻፈልን ስም

ያክስቴ ልጅ የሚኖረው ኡካ ነው። ኡካን ለማታውቁ፦ ኢሉባቦር ውስጥ ያለች፣ ቡናና ዝናብ የማታጣ ትንሽ ከተማ ናት። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ሆዱን ሲያመው መጀመሪያ አንድ ቦታ የአሜባ መድኃኒት ሰጡት፤ አልተሻለውም። ሌላ ቦታ ሄደ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። በሦስተኛው ሌሊት ማስታወክ ሲጀምርና ሆዱ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ነው ይዘነው ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ሆስፒታል የሮጥነው። ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ፈረምን፣ ገባ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የወጣው ሐኪም ያልጠበቅነውን ነገረን። ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሆዱን ግን ዝም ብለው አልዘጉትም። ቀጭኑን አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት ጫፍ ጀምረው በእጃቸው ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲፈትሹ፣ ሦስት ስንዝር ያህል እንደሄዱ ጎኑ ላይ የጓንት ጣት የመሰለች ከረጢት አገኙ። ተቆጥታ፣ አብጣ፣ ልትፈነዳ ደርሳለች። ቆርጠው አወጧት። አክስቴ ይሄ ነገር ከየት መጣበት፣ ምን በልቶ ነው ብላ ስትጨነቅ ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለላት፤ የበላው ነገር እንዳልሆነ፣ ሲወለድ ጀምሮ አብሮት የነበረ መሆኑን አስረዳት። ከሥዕሉ ሥር አንድ ስም ጻፈ፦ ሜክል።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ትርፍ የማውቀው በሒሳብ ነው። ግን ያን ሌሊት የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ እስኪዘጋ ድረስ ይሄ ሜክል የሚባለው ሰውዬ ማን እንደሆነ ሳነብ አደርኩ። ከዚያም በኋላ አልተውኩትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሃን ፍሪድሪክ ሜክል የተወለደው ጥቅምት 17 ቀን 1781 ጀርመን አገር፣ ሃሌ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። የተወለደበት ቤት ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ቤት አልነበረም። አያቱ የታወቀ አናቶሚስት ነው፤ በ1748 ስለ አምስተኛው የራስ ነርቭ በጻፈው ጥናት ስሙ እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ይነሳል። አያትና የልጅ ልጅ ስማቸው አንድ ስለሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ትልቁ ሜክል፣ ትንሹ ሜክል እያሉ ነው የሚለይዋቸው። አባቱ ፊሊፕ ሜክልም በሃሌ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚና የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር፣ በአዋላጅ ሐኪምነቱ እስከ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ድረስ የተጠራ ሰው ነበር።

ቤተሰቡ የሚሰበስበው ነገር ነበረው። ሌላው ሰው ወርቅና መሬት ያወርሳል፤ የሜክል ቤት ውርስ ግን አጥንት፣ በአልኮል ጠርሙስ የተቀመጠ ልብና አንጀት፣ ተዛብቶ የተፈጠረ ሽል፣ የእንስሳ አካል ነው። አያት ጀመረ፣ አባት አሰፋ፣ የልጅ ልጅ አገር የሚያውቀው አደረገው። አባትየው በ1803 ሲሞት የተናዘዘውን ብትሰሙ፦ የራሱ አፅም ተስተካክሎ ከስብስቡ ጋር እንዲቆም ነው ያዘዘው። ቆሟል። ዛሬም ሃሌ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። እኔ በበኩሌ አባቴን እንዲህ ለማየት አንጀቴ አይችልም፤ እነሱ ግን ሙያቸው ነውና ቻሉት።

ልጁ በልጅነቱ ይሄን ሁሉ ይጠላው ነበር ይባላል። አባቱ ሬሳ ሲመረምር አግዝ እየተባለ ያደገ ልጅ ሐኪም መሆንን ቢጠላ አይገርምም። ሆኖም ማግደቡርግ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ የገባው ያው ሃሌ፣ ያው ሕክምና ነው፤ ከዚያ ወደ ጎቲንገን ሄዶ ተማረ። የዶክትሬት ጽሑፉን በ1802 ያቀረበው ተዛብተው ስለሚፈጠሩ ልቦች ነው። ገና በ20 ዓመቱ ጥያቄው ተለይቷል ማለት ነው፦ ሰው ሲፈጠር የሚዛባው ለምንድነው?

ቀጥሎ ፓሪስ። በዚያን ጊዜ የእንስሳትን አካል ከእንስሳት አካል እያነጻጸሩ ማጥናት ማለት ፓሪስና ኩቪዬ ማለት ነበር። ሜክል ከኩቪዬ ዘንድ ሆኖ ሠራ፤ በኋላም የኩቪዬን ትልቅ የንጽጽር አናቶሚ መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመው። ፓሪስ የቀሰመው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አንድን አካል ለብቻው አትየው፣ ከዶሮውም ከዓሣውም ከሽሉም ጎን አስቀምጠህ እየው የሚል ዓይነት አስተያየት ነው። የሕይወቱ ሥራ ሁሉ የወጣው ከዚህ ነው።

እሱ ፓሪስ ሲማር የፓሪስ ጦር ደግሞ ወደ እሱ አገር ይገሰግስ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1806፣ ሜክል ልክ 25 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ የናፖሊዮን ወታደሮች ሃሌን ተዋግተው ያዙ። ናፖሊዮን ዩኒቨርሲቲውን ዘጋው፣ ተማሪውንም በተነ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ያረፈው በሜክል ቤተሰብ ቤት ነበር ይባላል። ያ ሁሉ ጠርሙስና አፅም በጦርነት መሀል ሳይሰበር መትረፉ ዕድል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1808 እንደገና ሲከፈት ሜክል የአናቶሚ፣ የቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ፕሮፌሰር ሆነ። ገና 27 ዓመት አልሞላውም።

ከዓመት በኋላ፣ በ1809፣ ራይል የተባለው መምህሩ በሚያዘጋጀው የፊዚዮሎጂ መጽሔት ላይ ስለ አንጀት ከረጢቶች ጻፈ። ያክስቴን ልጅ የሚመለከተው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ከረጢቷን መጀመሪያ ያየው ሜክል አይደለም። ፋብሪሲየስ ሂልዳኑስ የሚባል ሐኪም በ1598 አይቷት ጽፏል። ሊትር የተባለ ፈረንሳዊ በ1700 በሄርኒያ ውስጥ ገብታ አግኝቷታል፤ ያ ዓይነት ሄርኒያ እስካሁን በእሱ ስም ይጠራል። ሩይሽ የተባለ ሆላንዳዊም በ1701 ሥዕሏን አሳትሟል። ታዲያ ስሙ ለምን ለሜክል ሆነ? እነሱ አለች አሉ፤ እሱ ከየት እንደመጣች ተናገረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እትብቱ በደንብ ሳይሠራ፣ ሆዱ ፊት ለፊት አንዲት የአስኳል ከረጢት አለችው። አንጀቱ ከዚያች ከረጢት ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። እትብቱ ሥራውን ሲረከብ ቱቦዋ አታስፈልግም፤ በሁለተኛው ወር ውስጥ ትጠባለች፣ ትዘጋለች፣ ትጠፋለች። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ሳትጠፋ ትቀራለች። ከእምብርት በኩል ተዘግታ ከአንጀት በኩል ክፍት ከሆነች፣ ያቺ የጓንት ጣት የመሰለችው ነገር ትቀራለች። ሌላው ሰው ላይ ደግሞ እንደ ክር ቀጥና አንጀትን ከእምብርት ጋር አስራ ትኖራለች። ከነጭራሹ ሳትዘጋ የምትቀርበት ሕፃንም አለ፤ የሱ እምብርት ዓይነ ምድር ያወጣል።

ሜክል ይሄን ያወቀው በማሽን አይደለም። ራጅ የመጣው በ1895፣ በኤተር ማደንዘዝ በይፋ የታየው በ1846 ነው። እሱ ያለው ጠርሙስ፣ ቢላና ትዕግሥት ነው። የሽሉን አንጀት፣ የሕፃኑን አንጀት፣ የወፉን አንጀት ጎን ለጎን እያስቀመጠ አነጻጸረ። ከረጢቷ በሁሉም ሰው ላይ የምትገኘው በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው፤ ግድግዳዋም እንደ አንጀቱ ሁሉንም ሽፋን የያዘ ነው። በሽታ ያበጀው እብጠት ቢሆን ኖሮ የትም ይወጣ ነበር። ቦታዋ አንድ መሆኑ የልደት ምልክት ነው።

ማስረጃውን ደግሞ ለዶሮ ወጥ ዶሮ የሚበልት ሰው ሁሉ በእጁ ይዞት ያውቃል። ጫጩት ልትፈለፈል ስትል የቀረው አስኳል ወደ ሆዷ ይገባል። የአስኳሉ መውጫ ምልክት አድጋም አንጀቷ ላይ ይቀራል፤ ቀጭኑ አንጀት መካከል ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጉብታ ሆና። የዶሮ ሐኪሞችም ይቺን ጉብታ በሜክል ስም ነው የሚጠሯት። ዶሮ ላይ ጤና ነች። ሰው ላይም አብዛኛውን ጊዜ ጤና ነች፤ ችግሩ የሚመጣው አንዳንዴ ነው።

ምን ያህል አንዳንዴ? ሐኪሞች ለተማሪ የሚያስተምሩት የሁለት ቁጥር ዘዴ አላቸው። ከመቶ ሰው ሁለቱ ላይ ትገኛለች። ቀጭኑ አንጀት ከሚያልቅበት ሁለት ጫማ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ርዝመቷ ሁለት ኢንች፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምታሳምመው ወንዱን ከሴቷ እጥፍ ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜም የምትጀምረው ከሁለት ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ ነው። ቁጥሮቹ በየሰዉ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ለማስታወስ ግን ይመቻሉ። መቱ ዩኒቨርሲቲ 200 ተማሪ አዳራሽ ገብቶ ቢቀመጥ አራት ያህሉ ይቺን ከረጢት ይዘዋል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሳያውቋት አርጅተው ይሞታሉ።

ሕፃን ላይ ዋናው ምልክት ደም ነው። ከረጢቷ ውስጥ አንዳንዴ ቦታውን የሳተ የጨጓራ ሥጋ ይገኛል፤ የቆሽትም ይኖራል። የጨጓራው ሥጋ አሲድ ያመነጫል፣ አጠገቡ ያለው አንጀት ደግሞ አሲድ አልለመደም፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ልጁ አያለቅስም፤ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ዳይፐር ወይም ጨርቅ ላይ ጥቁር ቀይ ደም ይታያል፣ ልጁ ይገረጣል። ይሄን ያየ ወላጅ ተቅማጥ ነው፣ ጥርስ ሊያበቅል ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ማሳደር የለበትም። የአንድ ዓመት ልጅ ደሙ ስንት ነው? ቶሎ ያልቃል።

አዋቂና ተለቅ ያለ ልጅ ላይ ደግሞ የሚበዛው መዘጋትና መቆጣት ነው። በክሯ ላይ አንጀት ይጠመዘዛል፤ ወይም ከረጢቷ ወደ ውስጥ ተገልብጣ አንጀቱን እንደ ካልሲ ወደ ራሱ ትጎትተዋለች። ሆድ ይነፋል፣ ሰውየው ያስታውካል፣ ፈስም ሰገራም ይቆማል። ስትቆጣ ደግሞ ከትርፍ አንጀት ሕመም አትለይም፤ ያው ቀኝ ወይም መሀል ሆድ፣ ያው ትኩሳት። ከፈነዳች ሆድ ዕቃ ሁሉ ይመረዛል።

ምርመራው ነው አስቸጋሪው። ለሚደማ ሕፃን የተመረጠው ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ በልዩ ካሜራ ማየት ነው፤ ንጥረ ነገሩ የጨጓራ ሥጋ ባለበት ሁሉ ይሰበሰባል፣ ከረጢቷ ውስጥም ካለ ትበራለች። ጎበዝ ምርመራ ነው፤ ግን የጨጓራ ሥጋ ከሌላት አያያትም፣ አዋቂ ላይም ይደክማል። ካሜራው ደግሞ በየከተማው የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን መዘጋቱን ወይም መቆጣቱን ያሳያሉ፣ ከረጢቷን ራሷን ግን ብዙ ጊዜ ያልፏታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ላይ የምትታወቀው ሆድ ተከፍቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው የ1809 ጽሑፍ በእኛ አገር ዋጋ ያለው። ቀዶ ሐኪሙ ለትርፍ አንጀት ከፍቶ ትርፍ አንጀቱን ጤነኛ ሲያገኘው፣ ከጫፉ ወደ ኋላ አንድ ሜትር ያህል አንጀት በእጁ መፈተሽ አለበት። የት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከየት እንደመጣች ስለሚያውቅ ነው። ያክስቴን ልጅ ያዳነው ስካን አይደለም፤ ጣትና ዕውቀት ነው።

ሕክምናው ራሱ ለመናገር አጭር ነው። መጀመሪያ ግሉኮስ፣ ደም ከፈሰሰ ደም፣ ከተቆጣ አንቲባዮቲክ። ከዚያ ከረጢቷን ከሥሯ መቁረጥ፤ ከደማች ወይም ሥሯ ከተበላሸ ግን አብሯት ያለውን አንጀት ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መስፋት፤ ምክንያቱም የቆሰለው አጠገቧ ያለው አንጀት ነው። በካሜራ ቀዳዳም ይሠራል፣ በክፍትም።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ክርክር ነው። ለሌላ ጉዳይ የተከፈተ ሆድ ውስጥ፣ ያልታመመች፣ ዝም ያለች ከረጢት ብትገኝስ? ትውጣ ወይስ ትተው? በ2005 የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 1,476 ሕመምተኞችን አይተው፣ ሰውየው ወንድ ከሆነ፣ ከ50 ዓመት በታች ከሆነ፣ ከረጢቷ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠች፣ ወይም ውስጧ የተለየ ሥጋ ካለ ማውጣቱ ይሻላል አሉ። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ሞት ለመከላከል 758 ዝም ያሉ ከረጢቶች መውጣት አለባቸው ብሎ፣ ተዋት አለ። 758 ስፌት፣ እያንዳንዱ የየራሱ አደጋ ያለው፣ ለአንድ ነፍስ። የኢኮኖሚክስ መምህሬ ፈተና ላይ ቢያወጣው ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ሆስፒታል በእግር አሥር ደቂቃ ለሆነለት ሰውና ዝናብ መንገድ ለሚቆርጥበት ገበሬ ስሌቱ አንድ አይደለም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከ1812 ጀምሮ የበሽታ አናቶሚ መጽሐፉን አወጣ። ከ1815 ጀምሮ የጀርመን ፊዚዮሎጂ መጽሔትን በራሱ አዘጋጀ። በፅንስ መንጋጋ ውስጥ ያለ ልም አጥንትና በዘር የሚተላለፍ አንድ ከባድ ሕመምም በስሙ ይጠራሉ። ሰዎች የጀርመኑ ኩቪዬ ይሉት ነበር።

ከሥራው ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ ስለ ተዛብተው የተፈጠሩ ሕፃናት ያለው ነው። በዘመኑ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ባየችው ነገር ደንግጣ ነው፣ እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው ይባል ነበር። የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚህም ሲባል ሰምተናል። ሜክል አይደለም አለ። ማንኛውም ሰው ሲፈጠር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሆኖ እድገቱ የቆመ ነው፤ ሥርዓቱ ያው የሁላችን ሥርዓት ነው አለ። ለስንት እናት የኅሊና ዕረፍት እንደሆነ አስቡት።

ሁሉም ነገር ግን አልሰመረለትም። የሰው ሽል ሲያድግ በታች ያሉትን እንስሳት ደረጃ በደረጃ እየመሰለ ያልፋል ብሎ ያምን ነበር፤ በ1828 ፎን ቤር የተባለ ሊቅ ይሄን ነቅፎ ጻፈ፣ በኋላም ሐሳቡ እንደዚያ እንዳለ አልቆመም። ትልቁ ሐሳቡ ተሰነጣጠቀ፣ ትንሿ ከረጢት ቀረች። በመጨረሻ ዘመኑም ሕመም ያዘው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተጣላ፣ ብቸኛ ሆነ። ፍሪድሪከ ፎን ክላይስት የምትባል ሴት አግብቶ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ጥቅምት 31 ቀን 1833 በተወለደበት ሃሌ ሞተ፤ 52 ዓመቱ ነበር።

ስብስቡን በ1836 የፕረሽያ መንግሥት ከባለቤቱ ገዝቶ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠው። የሦስት ትውልድ ቁጠባ ማለት ይሄ ነው። ይቺው ሃሌ በ1879 ደግሞ የእኛን ቋንቋ አሳትማለች፤ ፍራንዝ ፕሬቶሪየስ ስለ አማርኛ የጻፈው ትልቁ የሰዋስው መጽሐፍ የታተመው እዚያ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰው ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው ካርልን ነው፤ የመቱው ሆስፒታል ሳይቀር ካርል ይባላል፣ የሰዎች ለሰዎች መሥራች በሆነው በካርልሃይንዝ በም ስም። ሰዎች ለሰዎች የተቋቋመው በ1981፣ ሜክል ከተወለደ ልክ በ200 ዓመቱ መሆኑን ሳይ ስቄያለሁ።

ያክስቴ ልጅ ተሽሎት ተመልሷል። ጠባሳውን ለጓደኞቹ በፎቶ ልኳል፣ ያው ዘመኑ ነው። አክስቴ ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት አጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጣዋለች። የዶሮዋን ጉዳይ ስነግራት አላመነችኝም ነበር። ባለፈው በዓል ዶሮ ስትበልት አንጀቱን ሳትጥል በጣቷ እየለቀመች ሄደች፣ መሀሉ ላይ ቆመች፣ ጎረቤቶቿን ጠራች።